«ከእንግዲህ» የሚል በር

እንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ከተማ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ስኪፕተን ላይ ሥራ አገኘሁ። አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መንከባከብ ነው። ጠዋት በባቡር እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። መሃል ላይ ሁለት ሰዓት ባዶ ጊዜ ነበረኝ። እሱን የማሳልፈው ገበያው ውስጥ ነው።

ስኪፕተን ዮርክሻየር ውስጥ ያለች ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። ስሟ ከበግ የመጣ ነው። ንጉሥ ጆን የገበያ ፈቃድ የሰጣት በ1204 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬም ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ የዋናው መንገድ ግራና ቀኝ በድንኳን ይሞላል። እኔም ያደግኩት የቅዳሜ ገበያ ባላት ከተማ ስለሆነ፣ እዚያ ስቆም ብርዱን እረሳው ነበር።

መንገዱ ሽቅብ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ያበቃል። አጠገቡ ግንቡ አለ። በሩ አናት ላይ ትልልቅ የድንጋይ ፊደላት ተደርድረዋል፤ በመሃላቸው ሰማዩ ይታያል። ማንበብ አቃተኝ። የምንከባከባቸውን አሮጊት ጠየቅኳቸው። በልቤ እማማ ነው የምላቸው።

«ፈረንሳይኛ ነው። የክሊፎርዶች ቃል ነው። ከእንግዲህ ማለት ነው።»

«ከእንግዲህ ምን?»

«ከእንግዲህ። በቃ።»

ክሊፎርዶች የመኳንንት ቤተሰብ ናቸው፤ ግንቡን የያዙት በ1310 ነው። የመጀመሪያው ጌታ ሮበርት ከአራት ዓመት በኋላ ስኮትላንድ ውስጥ ባኖክበርን ላይ ሞተ። ከዘሩ ጆን የሚባለውም በ1461 በጦርነት ወደቀ። ልጁ ሄንሪ ከጠላት ተደብቆ ከእረኞች ጋር አደገ ይባላል፤ ርስቱ የተመለሰለት በ1485 ነው። እኔ ግን ልቤ የቀረው አን ጋ ነው።

አን ክሊፎርድ እዚሁ ግንብ ውስጥ በ1590 ተወለደች። አባቷ የከምበርላንድ ኧርል (የመኳንንት ማዕረግ ነው) ነበር፤ መርከብ እያሰማራ የስፔንን መርከቦች የሚዘርፍ ሰው። በ1605 ሲሞት በሕይወት ያለች ልጁ እሷ ብቻ ነበረች። 15 ዓመቷ ነው። አባትየው ግን ርስቱን ለወንድሙ ተናዘዘ፤ ለእሷ 15,000 ፓውንድ ተወላት። እናቷ የጥንት ሰነድ አስፈልጋ አወጣች። ከንጉሥ ኤድዋርድ 2ኛ ዘመን ጀምሮ ርስቱ ለወራሽ ልጅ ነው፣ ወንድም ይሁን ሴት። ክርክሩ ተጀመረ። ባሏ ገንዘቡን ፈልጎ «ርስቱን ትተሽ ፈርሚ» ይላታል። በ1617 ንጉሥ ጄምስ ራሱ ለአጎቷ ፈረደ። አልስማማም አለች። ንጉሥ ፊት ቆማ!

እኛ ጋ ሴት ልጅም በወጉ ርስት ትካፈላለች። ግን አግብታ ሌላ አገር ከሄደች ወንድሞች እርሻውን ይዘው ይቀራሉ። የእናቴም እንደዚያው ሆነ። ስንት ሽማግሌ ተላከ። ዛሬም «የአባቴ መሬት» ስትል ድምፅዋ ይለወጣል። ለዚህ ነው የአንን ታሪክ እንደ ፈረንጅ ታሪክ መስማት ያቃተኝ።

አጎቷ ሞተ። የአጎቷ ልጅም በ1643 ወንድ ወራሽ ሳይተው ሞተ። ርስቱ ለአን ሆነ። ያኔ ደግሞ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ይታመስ ነበር፤ ግንቡም ሦስት ዓመት ተከቦ በ1645 እጁን ሰጠ። ኋላም እንዲፈርስ ታዘዘ። እሷ በ1649 ወደ ሰሜን መጥታ የፈረሰውን መልሳ ሠራች። የተፈቀደላት ጣሪያው መድፍ የማይሸከም እንዲሆን ተደርጎ ነው። እስከ 86 ዓመቷ ከአንዱ ግንቧ ወደ ሌላው እየተዘዋወረች ኖረች።

አንድ ዓርብ ቀን ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ውስጠኛው ግቢ መሃል እንደ ጽድ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ ቆሟል። በ1659 የተከለችው እሷ ናት። ግንዱ ተጠማዟል፤ ቅርፊቱ ቀላ ይላል። እጄን አሳረፍኩበትና ለእናቴ ደወልኩ። ታሪኩን እዚያው ቆሜ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

«ታዲያ መጨረሻ ላይ አገኘችው?» አለችኝ።

«አገኘች እማዬ። በ53 ዓመቷ።»

ዝም አለች።

«ማን ነበር ያልሽኝ ስሟን?»

«አን።»

«ሐና ናት በይኛ» አለች እናቴ።