የማይዘረጋ ክርን ይዤ ጎልፍ የተማርሁበት መንገድ

በልጅነቴ ድሬዳዋ በአያቴ ግቢ ከማንጎ ዛፍ ወድቄ የተሰበረው የግራ ክርኔ ተጣምሞ በመግጠሙ ክንዴ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ለሥራ አዲስ አበባ በቆየሁባቸው ዓመታት ጎልፍ ስጀምር ያሠለጠነኝ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የነገረኝ «የግራ ክንድህን ዘርጋ» ብሎ ነበር፤ ይህ በቀኝ ለሚመታ ተጫዋች ሁሉ የሚደጋገም ደንብ ስለሆነ አልፈርድበትም። እኔ ግን ክንዴን በግድ ለመዘርጋት ስታገል፣ ሁለት ወር ሙሉ የኳሱን አናት እየመታሁ ወይም ከኳሱ በፊት መሬቱን እየቧጠጥሁ ቆየሁ።

ሐሳቤን የለወጠው የአሜሪካዊው ጎልፍ ተጫዋች የካልቪን ፒት ታሪክ ነው። ፒትም በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ የግራ ክርኑ በመሰበሩ ክንዱን መዘርጋት አይችልም ነበር፤ ጎልፍ የጀመረውም በ23 ዓመቱ ነው። ሆኖም በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ጎልፍ ውድድሮች ማኅበር (ፒጂኤ ቱር) 12 ጊዜ አሸንፏል፤ የመጀመሪያ ምቱን ፌርዌይ ላይ (ሣሩ አጭር ሆኖ በተከረከመው የሜዳው ዋና መንገድ ላይ) በማሳረፍም እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1990 ለ10 ተከታታይ ዓመታት የቀደመው አልነበረም። ሌላው አሜሪካዊ ተጫዋች ጂም ፊዩሪክ ደግሞ ዱላውን ሽቅብ ያነሳበትን መንገድ ትቶ በሌላ መንገድ አዙሮ ያወርደዋል፤ በዚሁ አሰነዛዘር እ.ኤ.አ. የ2003ቱን ዩኤስ ኦፕን የተባለ ታላቅ ውድድር ወስዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016ም አንድ ዙር በ58 ምት ብቻ ጨርሷል (በጎልፍ ምት ባነሰ ቁጥር ይሻላል)። እኛስ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደብተር ታቅፎ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደውን የግራ እጁን አያያዝ እንደያዘ ዓለምን ሲያሸንፍ አላየንምን?

ዱላና ኳስ የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ኳሱ የሚያውቀው በዚያች ቅጽበት የዱላው ፊት ወዴት እንደዞረ፣ በምን አቅጣጫና ፍጥነት እንደመጣ፣ በየትኛው ቦታው እንደነካው ነው እንጂ ዱላው ከዚያ በፊት የዞረበትን መንገድ አይደለም።

ድሬ ከተመለስሁ በኋላ፣ በበጋ ወራት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው፣ በበጋ በሚደርቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ብቻዬን መለማመድ ጀመርሁ። (በክረምት አልሞክረውም፤ የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ የሚረሳ ድሬ የለም።) በአሸዋው ላይ በጣቴ መስመር አሰምርና ኳስ ሳላስቀምጥ እሰነዝራለሁ፤ ዱላው የጫረው ጠባሳ ከመስመሩ ወደ ዒላማው በኩል ከጀመረ ምቱ ልክ ነው፣ ከመስመሩ ወዲህ ከጀመረ ግን መሬቱን ቀድሜዋለሁ ማለት ነው። ጠባሳዎቹ አንዱ ወደፊት አንዱ ወደኋላ እየሆኑ ግራ ሲያጋቡኝ፣ አንድ ቀን አብሮኝ መጥቶ በስልኩ የቀረጸኝ የእህቴ ልጅ ምስሉን ቀስ አድርጎ እያሳየኝ «አጎቴ፣ ዱላውን ስታነሳ ክርንህ ይታጠፋል፣ ስትመታ ደግሞ ልትዘረጋው ትታገላለህ» አለኝ።

ጥፋቱ የክርኔ መታጠፍ ሳይሆን የመታጠፉ መጠን መለዋወጥ ነበር። ክንዱ በመካከሉ ሲረዝምና ሲያጥር ዱላው መሬት የሚነካበት ቦታም አብሮ ይለዋወጣል። ስለዚህ ክርኔን ገና ስቆም በታጠፈበት ልክ እስከ መጨረሻው ማቆየትን ተለማመድሁ፤ አራት ጣት ያህል ወደ ኳሱ ተጠጋሁ፣ ዱላውን ከትከሻዬ በላይ ማንሳት ተውሁ፣ በክንዴ ያጣሁትን ኃይል ወገቤንና ጀርባዬን አብዝቼ በማዞር ለማካካስ ሞከርሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጠባሳዎቹ ከመስመሩ ወዲያ በአንድ ረድፍ ተሰለፉ። ያን ጠዋት አሸዋው ላይ ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ ተመለከትኋቸው።

ያጣሁት ርቀት ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። አዲስ አበባ ሄጄ ስጫወት፣ ጓደኞቼ ሰባት ቁጥር ብረት (የብረት ዱላ) በሚመርጡበት ርቀት እኔ ኳሱን ይበልጥ የሚያርቀውን ስድስት ቁጥር አነሳለሁ።