ጋዙ የጠፋው ጭዱ ሲሸጥ ነው

ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ውስጥ የባዮጋዝ (በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ከእበት የሚመረት የማብሰያ ጋዝ) ክትትል ስንሠራ ያጋጠመን ነው። አለቃችን መሐንዲስ ነው፣ እኔ መጠይቅ እሞላለሁ። ሦስተኛዋ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች የሥነ ምኅዳር ምሩቅ ነበረች። ለምን ከእኛ ጋር እንደተመደበች አለቃችንም አልገባውም፤ «ዛፍ እንድትቆጥር ይሆናል» ይላል።

አንዲት እናት ቤት ደረስን። ምድጃው ሲለኮስ ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ይልና ድርግም። አምና ሽሮውም ቡናውም በዚሁ ምድጃ ይበስል ነበር አሉን። አለቃችን ደግሞ ሥራውን ያውቃል። የቧንቧውን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ የሳሙና አረፋ ቀባ፤ አንዱም አልተነፋም። ቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ አፈሰሰ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ብርዱን ጠረጠረ። እውነቱን ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሚቴን የተባለውን ጋዝ የሚያመርቱት ረቂቅ ተሕዋስያን ሲበርዳቸው ይሰንፋሉ፣ የጅሩ ሌሊት ደግሞ አጥንት ይሰብራል። «ብርድ» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ሳነሳ ልጅቷ ጣልቃ ገባች።

«እትዬ፣ ላሞቹ ምን እየበሉ ነው?»

አለቃችን ሳቀ። እትዬ ግን አልሳቁም።

«ምን ይበላሉ፣ ሜዳ ነው የሚውሉት። ጭዱንማ ወንዱ ልጄ ሸጦታል።»

የጅሩ ሰንጋ ስሙ የታወቀ ነው፤ አደላቢዎች ደግሞ ጭድ ባለበት ሁሉ እያሰሱ ይገዛሉ። ልጁ ክምሩን ሸጦ ደብረ ብርሃን ለሚማር ወንድሙ የቤት ኪራይ ከፈለ፤ ማን ይፈርድበታል? ጭድ ያጡት ላሞች ሜዳ መዋል ጀመሩ፣ እበታቸውም እዚያው ቀረ፤ የጎረቤት ልጆች ለኩበት ይለቅሙታል። ጉድጓዱ በየቀኑ ከ20 ኪሎ በላይ እበትና የዚያኑ ያህል ውኃ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ግን የሌሊቷን ብቻ ነው። እሷም ብትሆን ሙሉ በሙሉ አትደርሰውም። ምድጃው ከመጀመሪያውም እንጀራ አይጋግርም፤ ጋዙ ሲያንስ ደግሞ እትዬ ለወጡም ወደ ኩበት ተመለሱ፣ ኩበቱም የሚጋገረው ከዚያችው የሌሊት እበት ነው። ጋዙ ባነሰ ቁጥር ለጉድጓዱ የሚተርፈው እበት ያንሳል ማለት ነው።

ልጅቷ ትርፍ ቅጽ ገልብጣ ጀርባው ላይ መሳል ጀመረች። ለፀሐይ ክብ፣ ለማሳው የጥይት ቅርጽ፣ ለላሞቹ ባለ ስድስት ጎን፣ ለእበቱ ጋን መሳይ ነገር፤ ከሁሉም ወደ ታች የሚወርድ ቀስት አለ፣ በሙቀት መልክ የሚባክነው ጉልበት ነው። ምልክቶቹ የአሜሪካዊው የሥነ ምኅዳር ሊቅ ሃዋርድ ኦደም ናቸው። ሰውዬው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፍሎሪዳ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግስ የተባለውን ምንጭ ሲያጠና፣ የፀሐይ ጉልበት ከውኃው ዕፅዋት እስከ ዓሣው ድረስ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ሒሳብ ሠራለት። በኋላም ያንኑ ዘዴ ወደ እርሻና ወደ ከተማ አመጣው። መሐንዲስ ከጉድጓዱ እስከ ምድጃው ያያል፤ በዚያ ሥዕል ላይ ግን ጉድጓዱ ከብዙ ጋኖች አንዱ ነው። እኔን የገረመኝ ከግቢው የሚወጣ አንድ ወፍራም ቀስት ነው፦ በአህያ ተጭኖ የሚሄደው ጭድ። የሚመለስበት ቀስት የለውም።

«የሰንጋዎቹ እበት የት ይደርሳል?» አለች።

ልጁ ተጠራ። አደላቢው በረት ጀርባ ተቆልሎ ዝንብ ይፈላበታል አለ። አህዮቹ ሲመለሱስ ምን ይጭናሉ? ምንም። አለቃችን ያን ጊዜ መሳቁን ትቶ በማዳበሪያ ጆንያ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ማስላት ጀመረ።

በሚቀጥለው ዙር ስንሄድ ነበልባሉ ይቆያል። እበቱ ከአደላቢው በረት በጆንያ ይመጣል፣ ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭም ማሳ ላይ ይደፋል። እንጀራው ግን አሁንም በኩበት ነው የሚጋገረው።

ቅጹን በተመለከተ፦ «የብልሽት ምክንያት» በሚለው ሥር ቧንቧ፣ ቫልቭ፣ ምድጃ፣ ጉልላት ተዘርዝረዋል። «ጭድ» የለም። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ጎኑ ላይ ታሪኩን ጻፍኩ። ቢሮ የገባው መረጃ «የተጠቃሚ ቸልተኝነት» ተብሎ ነበር፤ እስካሁን ያናድደኛል።