ሱስ ሌላ፣ በደል ሌላ

ታዋቂ ሰው በሞተ ቁጥር ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንዱ «ነፍስ ይማር፣ ሥራውን ብቻ እናስታውስ፣ ሙት ወቃሽ አታድርጉን» ይላል። ሌላው ሰውየው ገና ሳይቀበር ጉዱን ሁሉ ይዘረግፋል። ጭቅጭቁ ሲጦፍ ታዲያ አንድ አባባል አይጠፋም፦ «የግል ሕይወቱ ነው፣ እኛ ምን አገባን?»

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በዚህ አባባል ውስጥ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ይጠቀለላሉ። ሰውየው ራሱ የተሰቃየበት ነገር አለ። ሰውየው ሌላ ሰው ያሰቃየበት ነገር አለ። የመጀመሪያው እውነትም የግሉ ነው። ሁለተኛው ግን የእሱ ብቻ አይደለም፣ ሌላም ባለቤት አለው። ያ ሌላው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስሙ የማይታወቅ፣ አድናቂ የሌለው፣ የሚያለቅስለት የሌለ ሰው ነው።

እንግሊዛዊቷን ዘፋኝ ኤሚ ዋይንሃውስን እንውሰድ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጁን 18 ቀን 2011 ቤልግሬድ ውስጥ መድረክ ላይ ወጣች። ሰክራለች። ትንገዳገዳለች፣ የራሷ ዘፈን ግጥም ይጠፋባታል፣ የምትለው አይሰማም። ሕዝቡ ጮኸባት። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ፣ ስንቱም ሳቀባት። የቀሩት ኮንሰርቶች ተሰረዙ። ልክ በአምስተኛው ሳምንት፣ ጁላይ 23፣ ለንደን ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ገና 27 ዓመቷ ነበር። ደሟ ውስጥ የተገኘው አልኮል እንግሊዝ አገር ለሹፌር ከሚፈቀደው ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር።

ያን ቀን ቤልግሬድ ላይ ማን ተበደለ? ቢበዛ ትኬት የገዛው ሰው። እሱም ያጣው ገንዘቡን ነው። እሷ ግን ሁላችንም እያየናት እየሞተች ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር «ነውሯ» ብሎ የሚያወራ ሰው አንጀቴን ያቃጥለዋል፤ በሽታ ነው፣ ነውር አይደለም። ደግሞም «ሱሷን ትተን ሥራዋን ብቻ እናስታውስ» የሚሉት ደጋግ ሰዎች ራሳቸው ያልገባቸው ነገር ያለ ይመስለኛል። ገናና ያደረጋት ዘፈን ራሱ ማገገሚያ አልገባም ስለማለት ነው። ከየት ጀምራችሁ ነው የምትለዩት? ሕመሟ ሥራዋ ውስጥ አለ። ሳታፍር ዘፍናዋለች፣ እኛ ለምን እናፍርላታለን?

አሜሪካዊው ኮሜዲያንና የፊልም ተዋናይ ሮቢን ዊልያምስም እንደዚሁ። ኦገስት 2014 ራሱን ሲያጠፋ «ምን ጎደለውና ነው?» ያላለ አልነበረም። ሬሳው ሲመረመር አእምሮን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ፣ ሌዊ ቦዲ የሚባል በሽታ ተገኘበት። ባለቤቱ በኋላ ስለዚህ በአደባባይ ጻፈች። መጻፏ የሰውየውን ስም አላጎደፈም። እንዲያውም «ምን ጎደለው» ሲሉ ለነበሩት ሁሉ መልስ ሆነ።

እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር ይስማማል። የሚያስቸግረው ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ ነው። ዲያጎ ማራዶና!

ማራዶና በ1986 ሜክሲኮ ላይ እንግሊዝ ላይ ያገባትን ሁለተኛዋን ጎል ያላየ ሰው እግር ኳስ አይቻለሁ አይበል። በ1991 ኮኬይን ተገኘበትና 15 ወር ታገደ። ለረጅም ዓመታት ከሱሱ ጋር ሲታገል አየነው፤ ሲወፍር፣ ሲታመም፣ ሆስፒታል ሲመላለስ። በዚህ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። በዚያው በ1986 ጣሊያን ውስጥ የተወለደ ልጅ ግን ነበረው። ፍርድ ቤት አባቱ ነህ ብሎትም አሻፈረኝ አለ። ልጁ ጎልማሳ ሆኖ፣ 30 ዓመት ሊሞላው ሲል በ2016 ነው «ልጄ ነው» ያለው። ሴቶችን በድሏል የሚል ወቀሳም ይነሳበት ነበር፣ እሱ ይክዳል። ኮኬይኑንና የልጁን ነገር በአንድ ላይ «ድክመቶቹ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ኮኬይኑ የጎዳው ከሁሉ በላይ እሱን ነው። 30 ዓመት አባት ሲጠብቅ የኖረው ግን ማራዶና አይደለም፣ ልጁ ነው።

ኖቬምበር 25 ቀን 2020 ማራዶና ሞተ። ከቀናት በኋላ ስፔን ውስጥ የሴቶች የወዳጅነት ጨዋታ ሊጀመር ሲል የሕሊና ጸሎት ተደረገ። ተጫዋቾቹ ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዷ ግን ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ሰጥታለች። ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ስትጠየቅ የተናገረችው ነገር ቀላል ነበር። ኖቬምበር 25 ማለት እኮ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሚታሰብበት ቀን ነው። ለተጠቁት ሴቶች አንድ ደቂቃ ያልቆመ ሜዳ ለእሱ እንዲቆም አልፈለገችም። ለዚህ የተከፈላት ዋጋ የግድያ ዛቻ ነው።

ይቺን ልጅ ስንቱ ሰደባት! ምን አደረገች ግን? ጎሉን አልሰረዘችም። ማራዶና ኳስ አይችልም አላለችም። ሥራውን ማድነቅ አንድ ነገር ነው፣ ሰውየውን ተነስቶ ማክበር ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ማንም አይከለክልም። ሁለተኛውን ደግሞ ማንም ማንንም ሊያስገድድ አይችልም። እኔ ብሆን ምናልባት እቆም ነበር። እሷ ቁጭ በማለቷ ግን ቅንጣት ታክል ቅር አይለኝም።

አሁን ደግሞ መለየት ጨርሶ የማይቻልበት አለ። ጂሚ ሳቪል የሚባለው የቢቢሲ አቅራቢ ለበጎ አድራጎት 40 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አሰባስቧል ይባልለት ነበር። በ1990 «ሰር» የሚል የክብር ማዕረግ ተሰጠው። ኦክቶበር 2011 ሲሞት ሊድስ ከተማ ውስጥ ሕዝቡ በወርቃማ የሬሳ ሳጥን ዙሪያ እየመጣ ተሰናበተው። ዓመት ሳይሞላው ጉዱ ወጣ፤ ለካ ሰዎችን በወሲብ ሲያጠቃ ነው የኖረው። በ2013 የወጣው የፖሊስ ሪፖርት 214 ወንጀሎች መዘገበ፣ አብዛኞቹ ተጎጂዎች ለአካለ መጠን ያልደረሱ ነበሩ። የተጠቁት አንዳንዶቹ ሆስፒታል የተኙ ሕመምተኞች ናቸው። እንዴት ሆስፒታል ገባ? በበጎ አድራጎቱ ነዋ! ብሮድሙር የተባለው የአእምሮ ሆስፒታል ቁልፍ እስከ መስጠት ደርሶለታል። ታዲያ «በጎ ሥራውን ከጥፋቱ እንለይ» ስትሉ በየትኛው በኩል ነው የምትቆርጡት? በጎ ሥራው በሩን የከፈተለት ነገር ነው።

ከመቃብር በላይ ስም ይውላል ይባላል። የሳቪል መቃብር ላይ የቆመው ትልቅ ድንጋይ በተተከለ በሳምንታት ውስጥ ተነቅሎ ተሰባበረ። ዛሬ መቃብሩ ስም የለበትም።

አሜሪካዊው ዘፋኝ አር ኬሊም ከዚህ አይርቅም። በ1994 የ15 ዓመት ልጅ የነበረችውን ዘፋኝ አሊያን አገባ፣ ጋብቻው ኋላ ፈረሰ። ያኔ ያልሰማ ሰው የለም፣ ወሬው በየመጽሔቱ ነበር። ሙዚቃው ግን ይደመጣል፣ ሽልማቱ ይዘንባል። በ2008 በሌላ ክስ ነፃ ወጣ። በ2021 ኒው ዮርክ ላይ በወሲብ ንግድና በተደራጀ ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ፣ በቀጣዩ ዓመት 30 ዓመት ተፈረደበት። «ዘፋኝነቱ ሌላ፣ የግል ሕይወቱ ሌላ» እያለ ዓለም ሲያልፈው ከ25 ዓመት በላይ ሄዷል። በነዚያ ዓመታት ያጠቃቸው ልጆች ወደ እሱ የቀረቡት ዘፋኝ እንሆናለን ብለው፣ ዘፈኑን ወደውለት ነው። ይሄንን ሳስብ ያ አባባል የአድናቆት ሳይሆን የጥበቃ ሥራ ይሠራለት እንደነበር ይሰማኛል።

የእሱን ዘፈን አሁን አልከፍትም። ሕግ አድርጌው አይደለም፣ ጆሮዬ እምቢ አለኝ። ለሚሰማው ሰው ግን አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገር። በ2023 አንድ ዳኛ ከሙዚቃው ገቢ 500 ሺህ ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ ለተጎጂዎች ካሳና ለቅጣቱ እንዲውል አዝዛለች። ሁሌም እንዲህ ቢሆን ብዬ እመኛለሁ። ሥራው ይቆይ፣ ገንዘቡ ግን ለተበዳይ ይድረስ።

ከሁሉም የሚከብደኝ ማይክል ጃክሰን ነው። ከልቤ የምወደው ስለሆነ። በ2005 ፍርድ ቤት ከቀረበበት ክስ ሁሉ ነፃ ብሎታል፣ ይሄ መቼም አይካድም። በ2009 በ50 ዓመቱ ማደንዘዣ መድኃኒት ገደለው፣ የሰጠው ሐኪምም ተፈርዶበታል። እንቅልፍ አጥቶ በማደንዘዣ ሲተኛ የኖረን ሰው ሳስብ አሁንም ያመኛል። በ2019 ሁለት ሰዎች «ልጆች ሆነን አጥቅቶናል» ብለው በዶክመንተሪ ተናገሩ። አንደኛው በ2005ቱ ችሎት ለማይክል የመሰከረ ነው፣ በኋላ ነው ቃሉን የቀየረው። ቤተሰቡ ውሸት ነው ይላል። ማይክል ደግሞ ተነስቶ መልስ አይሰጥም።

አድናቂዎቹ እዚህ ላይ «ሙት ወቃሽ» ይላሉ። ገባኝ። ሁለቱ ሰዎች ግን በሕይወት አሉ፣ ይሰማሉ። «ገንዘብ ፈልገው ነው» የሚለውን ስድብ በየቀኑ ያነባሉ። ተጠቅቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይሄን ሁሉ ስድብ አይችለውም፣ ተጠቅቶ እስከ ዛሬ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ይሄን አይቶ አፉን ይዘጋል። ዘፈኖቹን እሰማለሁ፣ ስሰማም አልደበቅም። አጠገቤ ያለ ሰው እነዚያን ሁለት ሰዎች መሳደብ ሲጀምር ግን ዝም አልልም፣ የማይክል አድናቂ ሆኜ ነው ተው የምለው።