ከጊዛ እስከ ቱራ፦ የጎብኚዎችን ጥያቄ ተከትሎ የተደረገ ጉዞ

በጊዛ አምባ ላይ ባሳለፍኳቸው ሁለት ቀናት በማስታወሻ ደብተሬ ከሰፈረው አብዛኛው የእኔ ሐሳብ አይደለም፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ጎብኚዎች አስጎብኚዎቻቸውን ሲጠይቁ የሰማሁት ነው። ወደ ካይሮ ስሄድ ፒራሚዶቹን አይቼ ለመመለስ እንጂ የሰው ጥያቄ ለመልቀም አስቤ አልነበረም። በመጀመሪያው ጠዋት ግን ከታላቁ ፒራሚድ ግርጌ ቆመን ሳለን አብረውን የነበሩ አንድ አዛውንት አስጎብኚያችንን «ለመሆኑ ይህን የሠሩት በእርግጥ ሰዎች ናቸው?» ብለው ጠየቋት፤ የጉዞዬም አቅጣጫ በዚያች ጥያቄ ተቀየረ።

አዛውንቱ የጠየቁት ለፌዝ ወይም ለክርክር አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ዓመት ገደማ ለንጉሥ ኩፉ የተሠራው ይህ መቃብር የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት 230 ሜትር ያህል ነው፤ ሲጠናቀቅ ከፍታው ከ146 ሜትር በላይ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ጫፉ ስለጎደለ ወደ 138 ሜትር ወርዷል። በእንግሊዝ አገር የሊንከን ካቴድራል ግንብ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስኪበልጠው ድረስ በምድር ላይ የሰው እጅ ካቆማቸው ሕንጻዎች ሁሉ ረጅሙ ነበር። በውስጡ ያሉት ድንጋዮች 2.3 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። አስጎብኚያችን ተቀምጣ በአሸዋው ላይ በጣቷ እየጻፈች አሰላችልን፤ ሥራው 20 ዓመት ፈጅቶ ቢሆን በየቀኑ ከ300 በላይ ድንጋዮች ቦታቸውን መያዝ ነበረባቸው፤ የሥራው ቀን 10 ሰዓት ቢሆን ደግሞ በየሁለት ደቂቃው አንድ ድንጋይ ማለት ነው። ብረት ባልነበረበት፣ መሮው ሁሉ መዳብ በሆነበት ዘመን ይህን ማመን የሚከብደው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

እርሷ ግን አዛውንቱን ለማሳመን አልቸኮለችም። «የጥያቄዎ መልስ እዚህ የለም፤ እዚህ የሚታየው ሥራው ካማረ በኋላ ያለው ነው። ተሳስተው ያረሙበትን ማየት ከፈለጉ ሳቃራንና ዳሹርን ይዩ» አለቻቸው። ለእርሳቸው የተነገረውን ምክር እኔም ለራሴ ወሰድኩት።

ከዚያ በፊት ግን በጊዛ የሰማኋቸውን ሌሎች ጥያቄዎች ልጻፍ። ከሁሉም በላይ የተደጋገመው «ሠራተኞቹ ባሮች ነበሩ ወይ?» የሚለው ነው። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅን ሲጎበኝ 100,000 ሰዎች እየተፈራረቁ 20 ዓመት እንደሠሩት ተነግሮት ጽፏል፤ እርሱ ሲደርስ ግን ፒራሚዱ የ2,000 ዓመት ዕድሜ ነበረው፤ ስለዚህ እንደ እኛው የሩቅ ዘመን ጎብኚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የአንበሳ አካልና የሰው ራስ ካለው ግዙፍ የድንጋይ ሐውልት ከስፊንክሱ በስተደቡብ የአንድ ፈረስ እግር በጥንታዊ የጭቃ ጡብ ግንብ ላይ ተሰናከለና የሠራተኞቹ መቃብር ተገኘ። በአካባቢው በተቆፈረው መንደርም የዳቦ መጋገሪያዎችና ብዙ የከብት አጥንቶች ወጥተዋል። የሟቾቹ አጽም በወገብና በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የከባድ ሸክም ጉዳት ይታይበታል፤ አንዳንዶቹ ላይ ተሰብሮ፣ ታስሮና ተጠግኖ የዳነ አጥንት አለ። ባሪያን በንጉሥ መቃብር አጠገብ፣ ለወዲያኛው ዓለም በሚያስፈልግ ዕቃና ማዕረጉን በሚናገር ጽሑፍ የሚቀብር የለም። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ሁሉም ወድዶና ፈቅዶ መጣ ማለትን አልቀበልም። መንግሥት ከየአውራጃው ሰው መልምሎ በተራ የሚያሠራበት ግዴታ ነበር፤ ያ የተጎዳ ወገብ የምርጫ ውጤት መሆኑን ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

ይህን ጥያቄ አንዲት እናት በሌላ መልክ አነሡት፤ ፒራሚዶቹን የገነቡት እስራኤላውያን መሆናቸውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ አድገዋል። ይህ የብዙ ሰው እምነት ስለሆነ በጥሞና ሊመለስ ይገባዋል። የኦሪት ዘጸአት መጽሐፍ እስራኤላውያን ለፈርዖን ሠሯቸው የሚላቸው ፊቶምና ራምሴ የተባሉ ከተሞች ናቸው፤ የሥራው ዓይነትም ጭቃና ጡብ እንጂ የተጠረበ ድንጋይ አይደለም፤ ፒራሚድ የሚል ቃልም የለበትም። ራምሴ የሚለው ስም የሚያስታውሳቸው ነገሥታት ደግሞ ከኩፉ በኋላ ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይተው የነገሡ ናቸው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ፒራሚዶቹ ዮሴፍ ለሰባቱ የረሀብ ዓመታት እህል ያከማቸባቸው ጎተራዎች እንደሆኑ ይታመን ነበር፤ በቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይም እንዲያው ተሥለዋል። ውስጡን የገባ ሰው ግን ከጠባብ መተላለፊያና ከጥቂት ክፍሎች በቀር ሁሉም ድፍን ድንጋይ መሆኑን ያያል።

ስፊንክሱ ዘንድ ስንደርስ የሚጠበቀው ጥያቄ ተጠየቀ፤ አፍንጫውን ናፖሊዮን በመድፍ መታው ወይ? አልመታውም። ናፖሊዮን ግብፅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1798 ሲሆን፣ የዴንማርኩ መርከበኛ ኖርደን በ1737 የነደፈውና በ1755 የታተመው ሥዕል ስፊንክሱን አፍንጫ አልባ አድርጎ ያሳያል፤ ናፖሊዮን ያኔ ገና አልተወለደም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ ጥፋቱን የሚያሳርፈው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ሳኢም አል-ዳህር የሚባል ሱፊ ገበሬዎች ለስፊንክሱ መሥዋዕት ማቅረባቸው አስቆጥቶት አፍንጫውን እንደሰበረው ተርኳል። በድንጋዩ ላይም ረጃጅም መሮዎች እንደተመቱበት የሚያሳይ ምልክት ቀርቷል።

አንድ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ደግሞ ይህ ሲሠራ ማሞዝ የሚባለው ጸጉራም ዝሆን በሕይወት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ዙሪያውን የነበሩት ሳቁ፤ አስጎብኚዋ ግን አልሳቀችም። በግብፅ ሳይሆን ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በምትገኘው በራንገል ደሴት የመጨረሻዎቹ ማሞዞች እስከ 4,000 ዓመት በፊት ድረስ ስለኖሩ፣ የኩፉ ሠራተኞች ድንጋይ ሲጎትቱ እነርሱም በበረዶው ላይ ይሄዱ ነበር። ልጁ ያነሣው የዘመን ርቀት ጉዳይ አዋቂዎቹም የሚሳሳቱበት ነው። «የጥንት ግብፅ» የሚለው ስም ሦስት ሺህ ዓመታትን በአንድ ከረጢት ይከትታል። ቱታንካሙን የሞተው ከኩፉ 1,200 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ዓመት የሞተችው ክሊዮፓትራ ደግሞ ታላቁ ፒራሚድ ከተሠራበት ዘመን ይልቅ የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ ለረገጠበት ለ1969 ትቀርባለች።

በሦስተኛው ቀን ሳቃራ ገባሁ። ከጊዛው አንድ መቶ ዓመት ያህል የሚቀድመው የንጉሥ ጆሰር ፒራሚድ በስድስት እርከን ወደ 60 ሜትር ያህል ይወጣል። በጆሰር ሐውልት መቆሚያ ላይ ከንጉሡ ስም ጋር የሹሙ የኢምሆቴፕ ስም ተቀርጾ በመገኘቱ፣ የሕንጻው ዋና ሰው እርሱ እንደነበረ ይታመናል። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው። በዚሁ ግቢ ግድግዳ ላይ ሐድናኽት የተባለ የግምጃ ቤት ጸሐፊ በዳግማዊ ራምሴስ 47ኛ የንግሥና ዓመት ከወንድሙ ጋር ለሽርሽር መጥቶ ስሙን በቀለም ጽፏል። ያኔ ግቢው 1,400 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ በንጉሥ ኡናስ ፒራሚድ ላይ የራምሴስ ልጅ ልዑል ካዕምዋሴት ያስቀረጸው ጽሑፍ አለ፤ ይህ ልዑል የተረሱ መቃብሮችን እየዞረ የባለቤቶቻቸውን ስም እንደገና ያስጽፍ ነበር። ስለ ጥንት ዘመን መጠየቅ የእኛ ዘመን ልማድ እንዳይመስለን እነዚህ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ።

ከሳቃራ ወደ ደቡብ ሲጓዙ ዳሹር ይገኛል፤ የአዛውንቱ ጥያቄ መልስም በእርግጥ እዚያ ነበር። የኩፉ አባት ስኔፍሩ ያስጀመረው ፒራሚድ በ54 ዲግሪ ገደማ ተዳፋት ሽቅብ ወጥቶ ወገቡ ላይ ሲደርስ ድንገት ወደ 43 ዲግሪ ይታጠፋል። መሬቱ ክብደቱን አልሸከም ብሎ መሰነጣጠቅ ሲታይ ግንበኞቹ ቀሪውን አለዘቡት። ከእርሱ በስተሰሜን ያለውን ቀዩን ፒራሚድ ከታች ጀምረው በዚያው በለዘበው ተዳፋት ሠሩት፤ ይህም ጎኑ የተስተካከለ የመጀመሪያው ፒራሚድ ሆነ። ጎባጣ በሚባለው በዚያ በታጠፈው ፒራሚድ ጥግ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ ያችን እጥፋት አየሁ። አስቀድሞ ሁሉን የሚያውቅ ኃይል እንዲህ ዓይነት ስህተት አይሠራም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ደርሶ የሚደነግጥ፣ የሚመካከርና የሚያርም ሰው ብቻ ነው። አዛውንቱ በዚያ ቀን አብረውኝ ቢኖሩ እንዴት ደስ ባለኝ።

ወደ ካይሮ ተመልሼ በታህሪር አደባባይ ባለው ሙዚየም ሁለት ነገሮችን ፈለግሁ። አንደኛው ስሙ ተጽፎበት ሙሉ ሆኖ የተገኘው የኩፉ ብቸኛ ምስል ነው። ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ ሲሆን ቁመቱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የቁፋሮ ባለሙያው ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1903 በአቢዶስ መጀመሪያ ያገኘው ጭንቅላት የሌለውን አካል ነበር፤ ስብራቱ አዲስ መሆኑን አይቶ ሠራተኞቹን አፈሩን ለሳምንታት እንዲያበጥሩት አደረገና ጭንቅላቱ ተገኘ።

ሁለተኛው ከዚህ ጉዞ ሁሉ የበለጠብኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረንሳዊው ፒየር ታሌ የሚመራው ቡድን በቀይ ባሕር ዳርቻ በዋዲ አል-ጃርፍ ከጥንታዊ ወደብ ዋሻዎች ደጃፍ ከቄጠማ የሚሠራው የጥንት ወረቀት፣ የፓፒረስ፣ ቁርጥራጮችን አወጣ፤ ጽሑፍ ካለባቸው ፓፒረሶች ሁሉ ጥንታዊዎቹ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ መረር የተባለ አለቃ የዕለት መዝገብ ነው። መረር አርባ ያህል ሰዎችን እየመራ ከአባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከቱራ የድንጋይ ካባ ለታላቁ ፒራሚድ መሸፈኛ የሚሆነውን ነጭ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ያመላልስ ነበር። የዕለቱ ተግባር በመስመር ተከፍሎ ተጽፏል፤ በቱራ ድንጋይ ሲጭኑ ዋሉ፣ እዚያው አደሩ፣ ተጭነው ተነሡ፣ «የኩፉ ሐይቅ» በተባለው ስፍራ አደሩ፣ የታላቁ ፒራሚድ የጥንት ስሙ ወደ ሆነው «የኩፉ አድማስ» ደረሱ። ሥራው ሙላትን ይጠብቅ ነበር፤ በኢትዮጵያ ደጋ የጣለው የክረምት ዝናብ ወርዶ ወንዙን ሲሞላው ውሃው በቦይ አድርጎ ከአምባው ሥር ድረስ ይደርስ ነበርና። መረር ስለ ንጉሡ ታላቅነት አንድም ቃል አልጻፈም፤ እኔም ከግንብ ላይ ውዳሴዎች ሁሉ ይልቅ ይህን ደረቅ መዝገብ አምነዋለሁ።

በመጨረሻው ቀን መኪና ተከራይቼ የወንዙን ዳር ይዤ ወደ ደቡብ ወደ ቱራ ሄድኩ። ከመንገዱ በስተምሥራቅ ገደሉ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በዘመናችንም ድንጋዩ ይወጣል። አሽከርካሪው ምን ልታይ መጣህ ቢለኝ የመረርን መዝገብ አጫወትኩት። ጥቂት አስቦ «ታዲያ ከዚህ እስከ ጊዛ ስንት ቀን ይፈጅበት ነበር?» አለኝ። ጭነት ይዞ ሲሄድ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ያድር እንደነበር ነገርኩት። በደብተሬ ከጻፍኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ የመጨረሻው ይህ ነው። መኪናውን አዙሮ በድልድዩ ወደ ምዕራብ ተሻገርን፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላም ሦስቱ ፒራሚዶች ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ብቅ አሉ።