ወተት ባይኖርስ?

ዛሬ ይህ ነው የምለው ነገር አልገጠመኝም። ዝም ብሎ ሲከፋኝ ዋለ። ከሥራ ስወጣ ቤት መግባቱ አስጠላኝና በጣና ዳር ትንሽ ተራመድኩ። ነፋስ ነበር። አንድ ጥግ ይዤ ቡና አዘዝኩ። የሚታረመው የመድኃኒት ትምህርት ፈተና ወረቀት ቦርሳዬን ሞልቶታል፤ ላወጣው አልፈለግኩም።

ከጎኔ ያሉት ሰዎች ስለ ወባ ያወራሉ። የእገሌ ልጅ ተያዘ፣ እገሊት ተኝታለች። ክረምቱ ወጥቶ ኅዳር ሲገባ ባሕር ዳር ወሬው ይኸው ነው። እነሱን ስሰማ ሐሳቤ ወደዚያች ተማሪዬ ሄደ።

ጎበዝ ልጅ ናት። የተግባር ልምምድ ላይ መድኃኒት ማደያው መስኮት ጋ ቆማ ሳለ አንዲት እናት ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ታዞላቸው መጡ። በሚገባ ነገረቻቸው። አራት አራት ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ፤ ከወተት ጋር ቢሆን ይመረጣል። ሴትዮዋ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙና፣ «ዶክተር ልጄ፣ ጾም ገብቷል እኮ። ወተት አልቀምስም። እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል የለም። እንዴት ላድርገው?» አሏት።

ልጅቷ ዝም አለች። የመድኃኒቱን ፓኬት ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ መልሱ ጀርባው ላይ የተጻፈ ይመስል። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ቢጠጡ ይሻላል እማማ» አለች።

ይቺ ልጅ ኮአርተም ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን የወባን ተውሳክ እንዴት እንደሚገድል ብትጠየቅ ሳትተነፍስ ታወርድልሃለች። ስለ ወተቱም ተምራለች፣ ግን አንድ መስመር ሆኖ ነው የተማረችው። ዋናው ወተቱ አይደለም፣ ስቡ ነው። ሉሜፋንትሪን ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፤ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ የሚገባው ስብ ሲያገኝ ነው። በጤነኛ ሰዎች ላይ ሲለካ ባዶ ሆድ ከተወሰደው ይልቅ ስብ ከበዛበት ምግብ ጋር የተወሰደው እስከ 16 እጥፍ ደም ውስጥ ገብቷል። ይህን የያዘ ሰው ለእናትዮዋ መልስ አያጣም። ዘይት በደንብ የገባበት ሽሮ ጾም ነው። ኦቾሎኒም፣ አቮካዶም ጾም ነው። የሰዓቱ ነገር ግን ይከብዳል፤ ወባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጠብቅም። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚላላ እሳቸውም ያውቁታል፤ የሚያከብሩት ሰው ቁጭ ብሎ እንዲነግራቸው ነው የሚፈልጉት። እኔም በመጨረሻ ጠጋ ብዬ ይህንኑ ነገርኳቸው። ልጅቷ ስትሰማኝ ፊቷ ላይ የነበረው ንዴት እስካሁን አይጠፋኝም። ሁሉንም ታውቀዋለች እኮ። ማንም አገጣጥሞ አላሳያትም።

ደግሞ ያው ወተት ሲፕሮ የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ላይ ጠላት ነው። ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይይዘውና ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ተማሪዎቻችን «ከወተት ጋር» እና «ያለ ወተት» የሚሉ ሁለት ዝርዝሮች ይቸክላሉ፤ ፈተናው ባለፈ በሁለተኛው ወር ዝርዝሮቹ ይደባለቃሉ። አንጀት ውስጥ የሚሆነው በዓይነ ሕሊናው የታየው ልጅ ግን ዝርዝር አያስፈልገውም።

ስም መያዝ ይቅር አልልም። የመድኃኒት ስም የማያውቅ ባለሙያ ምን ይሠራል? የሚቆጨኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ተቀባይ (መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ)፣ ከዚያ የመድኃኒት ምድብ፣ ከዚያ የጎንዮሽ ጉዳት፣ ሰውየው መጨረሻ ላይ፤ ጊዜ ከተረፈ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ለተማሪዎች ያወጣው የመድኃኒት አስተዛዘዝ መመሪያ የሚጀምረው ሳል በያዘው የ52 ዓመት ታክሲ ነጂ ነው። ችግሩ ምንድን ነው? ምን እንዲሆንለት ነው የምንፈልገው? ከመድኃኒቶቹ የትኛው ለእሱ ይሆናል? ምን ብለን እንንገረው? ታክሲውን ባጃጅ አድርገው፣ የእኛ ሰው ነው።

ባለፈው ሴሚስተር የተቀደደ ጀሪካን ይዤ ገብቼ ነበር። ከታች ያፈስሳል፤ ተማሪዎቹ በእኩል የጊዜ ልዩነት አንድ አንድ ኩባያ ይጨምሩበታል። ውሃው ከፍ እያለ ይሄድና የሚገባውና የሚወጣው ሲመጣጠን አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። ከዚያ ስለ ሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል አወራን። ግማሹ ከአዋቂ ሰው ደም ለመውጣት አራት ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ መጠኑ እስኪረጋ ደግሞ ሁለት ሦስት ሳምንት። አንዲት ተማሪ ብድግ ብላ፣ «መምህር፣ የአክስቴ ልጅ በሳምንቱ አልያዘለትም ብለው አስቁመውታል» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ድንገት ማቆም የሚጥል በሽታውን ሊያባብሰው እንደሚችል ሳልነግራቸው ራሳቸው ደረሱበት፣ በአማርኛ እየተከራከሩ። በዚያ ክፍለ ጊዜ ማንም ስልኩን አላየም።

እንዲህ ማስተማር እንደሚቻል ልቤ ያውቃል። ሁለት ተማሪ ፊት ለፊት አስቀምጦ አንዷን ታማሚ፣ አንዱን ባለሙያ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ነገር ግን የኮርሱ ይዘት አያልቅም፣ ክፍሉ ሞልቶ ይፈስሳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ሩጫው ወደ መውጫ ፈተና ነው። ልጆቹ የአምና ዎርክሺት ይለምኑኛል። አልፈርድባቸውም፤ የቤተሰባቸው ተስፋ በዚያ ወረቀት ነው።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነው። በእናትዮዋ ጉዳይ ትክክለኛው መልስ መጀመሪያ መልሶ መጠየቅ ነበር፦ እማማ፣ ጾሙን በስንት ሰዓት ነው የሚፈቱት? ቤት ውስጥ ዘይት አለ? ይህን የምትጠይቅ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይገባታል። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ውስጥ ግን ጥያቄዋን የምታስቀምጥበት ቦታ የለም። ያን ሁሉ ተማሪ በቃል ልፈትን ብል ጊዜው ከየት ይመጣል? ቦታውን እንዴት ልክፈትላት?