ሰውነት ደርቆ ሲቀር

ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ወሎን ካዳረሰ ወዲህ፣ የተደፈሩ ሴቶችን ደሴ ላይ በምክር አገልግሎት አዳምጣለሁ። ከበደሉ ባልተናነሰ የሚያሠቃያቸው በዚያች ሰዓት ጮኸው ወይም ታግለው አለመከላከላቸው እንደሆነ ደጋግሜ ታዝቤያለሁ፤ ዛሬም አንዲት እናት «እጄ እንኳን እንቢ አለኝ እኮ፣ ታዲያ በምን አፌ ተበደልኩ እላለሁ?» አለችኝ።

እጇ እንቢ ያላት ፈቅዳ አይደለም። ማምለጫ የሌለው አደጋ ሲመጣ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍልና ከእሱ ጋር የተያያዙት የአንጎል ግንድ ማዕከሎች ከሐሳብ ቀድመው ስለሚሠሩ ሰውነት ይደርቃል፣ ድምፅም ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የስዊድን ጥናት፣ ከተደፈሩ በኋላ ስቶክሆልም በሚገኝ ክሊኒክ ከታዩ 298 ሴቶች 70 በመቶዎቹ ጉልህ የሆነ የሰውነት መድረቅ እንደገጠማቸው ተናግረዋል፤ እነዚህ ሴቶች ከስድስት ወር በኋላ ለሥነ ልቦና ቁስልና ለከባድ ድብርት ይበልጥ ተጋልጠው ተገኝተዋል። ይህን ስነግራት «ሌላም ሴት እንደኔ ሆናለች?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ሀፍረቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ዲከርሰንና ኬሜኒ፣ 208 የቤተ ሙከራ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ኮርቲሶል የተባለው የውጥረት ሆርሞን ከሁሉ በላይ የሚጨምረው ሰው ሊቆጣጠረው በማይችለው ሁኔታ በሌሎች ዓይን ሲመዘን መሆኑን አሳይተዋል። በእኛ አገር ደግሞ ኑሮው ሁሉ በጎረቤት ዓይን ሥር ነው። ወዳጃ በሚባለው የጋራ ጸሎት ላይ ሰው በሽታውን፣ የልጅ እጦቱን፣ የከብቱን መጥፋት ሳይቀር ይዞ ቀርቦ ዱዓ ሲደረግለት ሁሉም አሚን ይላል፤ ይህ ጭንቅ ግን እዚያ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ዘመዶቿ «ጉድሽን ሸፍኚ፣ እርሺው» የሚሏት ከፍቅር የተነሣ መሆኑን አምናለሁ፤ እሷ ዘንድ የሚደርሰው ግን እንደ ፍርድ ሆኖ ነው።

ስለዚህ በሰው ዓይን የመጣው ሀፍረት የሚለዝበውም በሰው ዓይን ይመስለኛል፤ ይኸውም ሰምቶ ፊቱን በማያዞር በአንድ ሰው ፊት፣ በራሷ ፍጥነት፣ ዝርዝሩን እንድትናገር ሳትገደድ ነው። ብዙ ሰው ባለበት መሆን የለበትም። ትንፋሿ ሲቆራረጥ አቁመን ወለሉን በእግሯ እንድትረግጥ፣ መስኮቱን እንድታይ አደርጋለሁ፤ ሰውነቷ አሁን ያለችበትን ክፍል ካላመነ ቃሌ አይገባትም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤቷን ይዛ ልትመጣ ፈልጋለች። እሷ ከፈቀደች አስቀድሜ ለብቻው ላነጋግረውና፣ ከአፏ ከመስማቱ በፊት የሰውነት መድረቅ ምን እንደሆነ ላስረዳው አስቤያለሁ።