መቆለፊያዋ

ሳልረሳው ዛሬውኑ ልጻፈው።

እኛ ቢሮ ፋየርዎሎቹን፣ ማለትም የኔትወርኩን ጠባቂዎች፣ የምናስተዳድረው ቼክ ፖይንት በሚባል ሲስተም ነው። አዲስ የኔትወርክ አድራሻ ሲመጣ ኮንሶሉን (የማስተዳደሪያውን ስክሪን) ከፍተን በእጅ እናስገባለን። አንድ ሁለት ሲሆን ምንም አይደል። ትናንት ግን 60 አድራሻ በኤክሴል ተላከልኝ። ሁሉንም አንድ ግሩፕ ውስጥ መክተት ነበረብኝ። በፓይተን አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በስምና በይለፍ ቃል ሎጊን ትላለህ፤ ሰርቨሩ ኤስአይዲ የሚሉትን ረጅም ኮድ ይሰጥሃል። ከዚያ በኋላ የምትልከው ጥያቄ ሁሉ ያንን ኮድ ሄደሩ (ራስጌው) ላይ ይዞ ይሄዳል። ፐብሊሽ (ለውጡ ለሁሉም ይውጣ) እስክትል ድረስ የጨመርከው ነገር ለአንተ ብቻ ነው የሚታየው። ፐብሊሽ ብለህም ፖሊሲው (የፋየርዎሉ ሕጎች ስብስብ) ካልተጫነ ፋየርዎሉ አያውቀውም። ይሄን ነገር እወደዋለሁ። የተሳሳተ ሰው የሚመለስበት ጊዜ ያገኛል።

ዛሬ ረፋድ ላይ አስነሳሁት። 38ኛው ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ጎንደር ላይ የለመድነው ነው። ላፕቶፔ ባትሪ አለው፣ ሰርቨሩም ዩፒኤስ አለው። መሃል ላይ ያለው ስዊች ግን ጠፋ፤ ፕሮግራሙም እዚያው ቆመ። መብራት ሲመጣ እቀጥላለሁ ብዬ ፒያሳ ምሳ ልበላ ወጣሁ።

ስመለስ በዕድሜ የሚበልጡኝ ባልደረባዬ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ግሩፑን ቆልፈህብኝ የት ሄድክ? የአዘዞዎቹ እየደወሉ ነው።»

ስክሪናቸውን አየሁት። ከግሩፑ ስም ጎን ትንሽ መቆለፊያ፣ ከሥሯ የእኔ ስም። በጣም አፈርኩ። ሴሽኑ፣ ማለትም በሎጊን የተከፈተው የሥራ ቆይታ፣ ሳይነካ 600 ሰከንድ ከቆየ ጊዜው እንደሚያልፍ አውቅ ነበር። ፐብሊሽ ያልተደረገ ለውጥ ካለበት ግን ለውጡም ቁልፉም ባሉበት እንደሚቆዩ አላሰብኩም። «ይቅርታ ጋሼ» ብዬ እዚያው ዲስካርድ አደረግኩት፤ ያልወጣውን ለውጥ ጣልኩት ማለት ነው። ግሩፑ ተከፈተላቸው።

ከሰዓት ኮዱ ላይ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ስህተት ሲፈጠር ዲስካርድ ብሎ ሎግአውት እንዲል ነበር። እሱንም ጻፍኩት። ግን ኔትወርኩ ራሱ ከሌለ ዲስካርዱ በምን ይደርሳል? ስለዚህ ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ ያደሩ ሴሽኖችን እንዲፈልግ አደረግኩ። የራሱን ካገኘ ያጸዳል፣ ከዚያ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዝርዝር ለማየት ብቻ ስገባ ደግሞ ለንባብ ብቻ ብዬ እገባለሁ፤ ለማየት የገባ ሰው የሚቆልፈው ነገር የለም።

አመሻሽ ላይ ጋሼን አስፈቅጄ ደግሜ አስነሳሁት። 60ውም ገቡ። ፐብሊሽ አልኩ፣ ፖሊሲውን እሳቸው ጫኑት።

ከመውጣቴ በፊት አንድ መስመር ጨመርኩ። ፕሮግራሙ ሎጊን ሲል ሴሽኑ ስም ይኖረዋል፤ መግለጫው ላይ የእኔ የውስጥ ስልክ ቁጥር አለ። ሌላ ቀን መቆለፊያዋን ያየ ሰው ቆሞ አይጠብቀኝም፤ ይደውልልኛል።